የዋንዛዋ ወንበር

የአገራችንን ስም አልነግራችሁም። ብነግራችሁ፣ «እዚያ አገር እንዲህ ያለ ነገር የለም» የሚል አይጠፋም፤ እኔ ደግሞ ክርክር አልወድም። ክርክር የሚወዱ ሰዎች የሚሰበሰቡበት ትልቅ ቤት አለን፤ ሸንጎ ይባላል። እኔ አጥናፉ ነኝ፤ ሥራዬ የሣር ቤት መክደን ነው። የሸንጎ ነገር የእኔ ቢጤ የሚያወራው አልነበረም። ግን ሚስቴ ይርገዱ ዛሬ ውላ የምታድረው እዚያው ሸንጎ ውስጥ ስለሆነ፣ ጥቂት ባወራ የሚከፋው ሰው ያለ አይመስለኝም። ወንበር አግኝታ ነው እንዳትሉኝ ብቻ።

መጀመሪያ የምንኖረው ታች ቀዬ ነበር፤ ከወንዙ ዳር። እኔም ይርገዱም ተወልደን ያደግነው፣ የተጋባነውም እዚያው ነው። ያኔ ታች ቀዬ ሸንጎ ውስጥ ወንበር አልነበራትም፤ ሊኖራትም አይችልም። ሕጉ እንዲህ ይላል፦ የአንድ አገር ወንበር ከዚያው ከአገሩ እንጨት ይሠራል፤ እንጨቱ ግን የሚቆረጠው ሰው ከለቀቀው መሬት ላይ ብቻ ነው። ሰው ያለበትን አገር ዛፍ መንካት ነውር ነው። ሰውየው ለቤቱ፣ ለማገዶው፣ ለሞፈሩ ይፈልገዋላ! ሕጉን ያወጡት አባቶች ለድሃው አዝነው ነው ይባላል፤ እኔም አምናለሁ፤ ደግ ሕግ ነው። ብቻ ከዚህ ደግ ሕግ የተነሳ ወንበር ያላቸው አገሮች በሙሉ ባዶ ናቸው፤ ሰው ያለባቸው ደግሞ ወንበር የላቸውም።

ታዲያ አንድ ዘመን ሸንጎው ለወፍጮዎቹ ውሃ አነሰውና ከወንዙ ላይ ግንብ ሠራ። ወፍጮዎቹ የማን ናቸው ብትሉ፣ የወንበረኞቹ ናቸው፤ ወንበር ላይ የሚቀመጡትን እንዲያ ነው የምንላቸው። ውሃው ተጠራቀመ፣ ተኛ፣ ወደ ደጃችን መጣ። ዕቃችንን ተሸክመን ኮረብታው ላይ ወጣንና ሰፈርን፤ ስሙንም ላይ ቀዬ አልነው። ይርገዱ የእናቷን መቃብር ታች ትታ ነው የወጣችው። እየዞረች ስታይ፣ ሸክሟን ተቀበልኳት።

እኛ በወጣን ማግስት ታች ቀዬ ወንበር ተሰጣት። ጥላው ሥር የምንመክርበትን ዝግባ ቆርጠው ነው የሠሩት። የሚቀመጥበትም ወንበረኛ ፈንታ የሚባል ሰው ሆነ፤ ታች ቀዬን ደረቅ ሳለች አይቷት አያውቅም። ክፉ ሰው እንዳይመስላችሁ። ሥራውን የሚያከብር፣ ድምፁ ለስላሳ፣ ባርኔጣው ሁልጊዜ የተጠረገ ሰው ነው።

ወንበረኛ ሁሉ ክረምት ሲወጣ ወደ አገሩ ሄዶ ሕዝቡን ማነጋገር አለበት፤ ይሄም ሕግ ነው። ስለዚህ ወንበረኛ ፈንታ በታንኳ ይመጣል። መሀል ውሃው ላይ ሲደርስ ይቆምና ባርኔጣውን ያወልቃል።

«ውድ የታች ቀዬ ሰዎች፣ እንዴት ከረማችሁ?» ይላል ወደ ውሃው ጎንበስ ብሎ።

ጥቂት ይጠብቃል። ከዚያ ሸንጎው ያሰበውን አንድ በአንድ ይነግራቸዋል፤ ሲጨርስ፣ «ተቃዋሚ ካለ ይናገር!» ይላል። እዚህ ላይ ደግሞ ረጅም ጊዜ ይጠብቃል፤ ሰውን አያጣድፍም። አልፎ አልፎ ዓሣ ይዘላል። ከአጠገቡ የሚቀመጠው ጸሐፊ፣ «ፀጥ ብለዋል ጌታዬ» ሲለው፣ «እንደዚህ ያለ ጨዋ ሕዝብ የት ይገኛል!» እያለ ይመለሳል።

መጀመሪያ የመጣ ጊዜ አያ ቢተው፣ የቀዬው ሽማግሌ ናቸው፣ ከዳር ሆነው ተጣሩ።

«ኧረ እኛ ነን የታች ቀዬ ሰዎች! እዚህ ነን!»

ወንበረኛው እጅ ነሳ። «እናንተ የላይ ቀዬ ሰዎች ናችሁ አባቴ። የላይ ቀዬ ወንበረኛ ይስማችሁ።»

«ላይ ቀዬ ወንበር የላትም!»

«እሱስ ያሳዝናል» አለ። ከልቡ ነው ያለው፤ ፊቱን አይቼዋለሁ።

የተኛ ውሃ ንዳድ ያመጣል። በሁለተኛው ዓመት ብዙ ሰው ታመመ፤ የእኛም ትርንጎ ታመመች። ከእሷ ሌላ ልጅ አልነበረንም። ሰው በጠራኝ ቁጥር እየቀደመችኝ «አቤት» የምትል፣ አፏ የማያርፍ ልጅ ነበረች። ትኩሳቱ ይዟት ሰነበተና ሄደች። ከኮረብታው አናት ላይ ቀበርናት። ይርገዱ ራስጌዋ ላይ ዋንዛ ተከለች፤ ከታች ድረስ ውሃ እየቀዳች አጠጣቻት። ዋንዛ መቼም ቶሎ ያድጋል። ጥጥ እየፈተለች ሥሯ ትውላለች፤ ማታ ስትመጣ፣ «ዛሬ ትከሻዬ ላይ ደርሳለች» ትለኛለች። ሌላ ጊዜ ደግሞ፣ «ዘንድሮስ በለጠችኝ» ትላለች። እኔም «ታድላ» እላለሁ፤ ምን ልበል?

እንዲህ ሆነን ሳለን ነው ግንበኞቹ የመጡት። ኖራ የያዙ፣ ገመድ የያዙ ሰዎች ናቸው። በየድንጋዩ፣ በየዛፉ ላይ ምልክት እየቀቡ ኮረብታውን ዞሩት። የእኛን ዋንዛ ግንዷ ላይ ቀቧት፤ ቀለሙ ከይርገዱ ራስ በላይ ነው።

«ምንድን ነው እሱ?» አለቻቸው።

«ግንቡ ከፍ ሊል ነው እትዬ። ሸንጎው ካጸደቀው ውሃው እዚህ ይደርሳል።»

ይርገዱ ጮሃ አታውቅም፤ ያን ቀንም አልጮኸችም። እንዝርቷን ጠቅልላ ቤት ገባች። «እናቴን ትቼ ወጥቻለሁ አጥናፉ» አለችኝ። «ልጄን ትቼ ግን አልወጣም። አንተ ከወጣህ ውጣ።»

«ወዴት ነው የምወጣው ያለ አንቺ?» አልኳት። ተቆጥቼ ነበር፤ በማን ላይ እንደሆነ ግን አላውቅም።

አያ ቢተው፣ «ወንበር እንጠይቃለን እንጂ ዝም ብለን አንሰጥምም» አሉና እሳቸው፣ እኔና ይርገዱ ወደ ዋናው ከተማ ሄድን። ከተማው ሸማኔ፣ ቀጥቃጭ፣ ነጋዴ የሚተራመስበት ትልቅ አገር ነው፤ ሰው ስላለበት ግን ወንበር የለውም። ነዋሪዎቹ የሸንጎውን ደጅ ይጠርጋሉ።

የሸንጎው ወንበር ጠባቂ ደግ ሰው ነበር፤ ውስጡን አስጎበኘን። ወይ ጉድ! የቀኙ ወገን በሙሉ የአንድ ጫካ ወንበር ነው። «ጫካው የት ነው?» አሉት አያ ቢተው። «ተቆርጧል፤ ለእነዚህ ወንበሮች ነው የተቆረጠው። አሁን የጫካውን ጥቅም የሚያስከብሩት እነሱ ናቸው» አለን። ከዚያ ወዲያ ከተቃጠለ ምሽግ የተሠራ ጥቁር ወንበር አለ፤ ወንበረኛው ልብሱ እንዳይጠቁር ቁርበት ያነጥፍበታል። ረሃብ የፈታው አገር ወንበር ከጎተራ በር የተሠራ ነው። ከመሀል ደግሞ አንዲት ሞግዚት ሕፃን ታቅፋ ተቀምጣለች። ወንበረኛው ሕፃኑ ነው፤ አባቱ ሞቶ የወረሰው። ሲያለቅስ «ተቃወመ» ይባላል፤ ጡት ሲጎርስ «ተስማማ»። ይርገዱ ሕፃኑን አይታ ከንፈሯን መጠጠች፤ «ብርድ እንዳይመታው» አለች ለሞግዚቷ።

«እንግዲህ» አሉ አያ ቢተው፣ «እኛ የላይ ቀዬ ሰዎች ነን። ወንበር እንዲሰጠን ነው የመጣነው።»

«ለቃችኋል?» አለ ጠባቂው።

«ምኑን?»

«አገራችሁን።»

«አልለቀቅንም። ላለመልቀቅ ነው እኮ የመጣነው!»

«ታዲያ እንዴት ይሆናል አባቴ? ስትለቁ ኑ፤ በደስታ እናስተናግዳችኋለን።»

አያ ቢተው ዘንጋቸውን ተደገፉ። ጠባቂው አዘነልን መሰለኝ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ታች ቀዬ ወንበር አላት አይደል?» አለ። «የታች ቀዬ ሰው ወንበረኛው ሲመጣ ከተቃወመ፣ ቃሉ እዚህ ድረስ ይመጣል። አንድ ሰውም ይበቃል። የአገር ሰው ማለት በአገሩ ድንበር ውስጥ ጣራና ምድጃ ያለው ነው።»

«በድንበሩ ውስጥ ውሃ ነው ያለው» አልኩ።

ሰውየው ጣራ ጣራውን እያየ አሰበ። «ሕጉ ስለ ውሃ የሚለው የለም» አለ።

አገራችን ስንደርስ ሥራ ጀመርን። ቀዬው በሙሉ ወጣ። ውሃ ላይ እንዲንሳፈፍ ግንድ ለግንድ ጠፍረን እንደ መደብ ዘረጋን፤ ከላዩ ላይ ትንሽ ቤት አቆምን። ጭቃ ደልድለን ምድጃ ሠራን። ጣራው የእኔ ነው። በዕድሜዬ ብዙ ቤት ከድኛለሁ፤ እንደዚያች ያለች ግን አላውቅም። ሣሩን ከሜዳው መርጬ አጨድኩ፣ አበጠርኩ፣ ጠርዙን አስተካክዬ ቆረጥኩ፤ ጉልላቷን ለብቻው ጎነጎንኩ። አያ ቢተው፣ «ሙሽራ ልታስገባባት ነው እንዴ?» ብለው ሳቁብኝ። እኔ ግን፣ ቤት አይደለም እንዳይሉብን ብዬ ነው እንዲያ የተጨነቅሁት።

ወንበረኛው የሚመጣበት ቀን ጧት ይርገዱና እኔ ቤቷን ወደ ውሃው ገፍተን ገባን። የእናቷ መቃብር እዚህ ነው ብላ ባሰበችው ላይ ስትደርስ፣ «እዚህ ጋ አቁም» አለችኝ። ድንጋይ በገመድ አሥረን ወደ ታች ጣልን፤ ቤቷ ቆመች። እሳት አነደደች፤ ጭሱ ወጣ። የላይ ቀዬ ሰው ሁሉ ዳር ዳሩን ቆሟል።

ወንበረኛ ፈንታ በታንኳው መጣ፤ ቆመ፤ ባርኔጣውን አወለቀ፤ እንደ ልማዱ ወደ ውሃው ጎንበስ አለ።

«ውድ የታች ቀዬ ሰዎች፣ እንዴት ከረማችሁ?»

«ደህና አልከረምንም!» አለች ይርገዱ ከበሯ ሆና።

ሰውየው ደንግጦ ታንኳው ውስጥ ዘጭ አለ። ባርኔጣው ውሃው ላይ ወደቀ። ጸሐፊው መጥቶ ጣራውን ዳሰሰ፣ ምድጃውን አየ፣ እጁንም እሳቱ ላይ ሞቅ ሞቅ አደረገ። «የአገሩ ሰው ናት» አለ።

ወንበረኛው እንባው መጣ። «ይኼን ሁሉ ዘመን ተናግሬ የመለሰልኝ ሰው የለም» አለ። «እናቴ፣ ምን ላድርግልሽ?»

«ግንቡ ከፍ እንዳይል። ላይ ልጄ አለች።»

«ትቃወሚያለሽ?»

«እቃወማለሁ።»

«ቃልሽን አንዲት ሳላጎድል አደርሳለሁ» ብሎ ማለላት። ከዳር እልልታው ቀለጠ። አያ ቢተው ልብሳቸው እስኪርስ ድረስ ውሃው ውስጥ ገብተው ሳሙን። ይርገዱ ከወጣች በኋላ በቀጥታ ወደ ዋንዛዋ ሄደች፤ የኖራውን ምልክት በእርጥብ ሣር እየፈተገች ስታስለቅቅ አገኘኋት። ስትስቅ ያየኋት ልጃችን ከሞተች ወዲህ ያን ቀን ብቻ ነው።

ነገሩ በሸንጎ የሚታይ ዕለት አያ ቢተውና እኔ ሄደን ከበሩ አጠገብ ቆምን። ወንበረኛ ፈንታ ተነሳ። ሐቀኛ ሰው ነው፤ ያየውን ሁሉ ተናገረ።

«የታች ቀዬ ሕዝብ ግንቡ ከፍ እንዳይል ይቃወማል። በዓይኔ አይቼዋለሁ፤ በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ። በሚያምር ቤት ተቀምጦ፣ ምድጃው እየጨሰ ነው የነገረኝ።»

የተቃጠለው ምሽግ ወንበረኛ ቁርበቱን አስተካክሎ ተነሳ።

«ታች ቀዬ ውሃ ሥር አይደለችም እንዴ?»

«ናት።»

«ሕዝቡስ የት ነው የሚኖረው?»

«ከውሃው በላይ።»

«ጣራ አለው?»

«አለው። እኔ እንደዚያ የተዋበ ጣራ አይቼ አላውቅም።»

«እሳትስ ይነድለታል?»

«ይነዳል፤ ጸሐፊያችን ሞቆታል።»

«እንግዲያው ውሃው ምን አደረገው?»

ወንበረኛ ፈንታ አሰበ። ዓይኑን ወደ በሩ፣ ወደ እኛ ጣል አደረገ። እንዳልኳችሁ ሐቀኛ ሰው ነው።

«በዓይኔ ያየሁት ጉዳት የለም» አለ።

የጫካው ወንበረኞች በሙሉ እጃቸውን አነሱ። «ሕዝባችን በውሃ ላይ መኖር መቻሉን ሸንጎው በደስታ ሰምቷል» ተባለ። ሕፃኑ ጡት ላይ ስለነበር ተስማማ። ወንበረኛ ፈንታ፣ የሕዝቤን ቃል አልሸጥም ብሎ ብቻውን ተቃወመ፤ እግዜር ይስጠው። ግንቡ ጸደቀ። ሲወጡ አንዱ ወንበረኛ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎኝ፣ «ያን ጣራ የከደነው ሰው እጁ ይባረክ» አለ። እጄን ኋላዬ ደበቅሁት።

ለይርገዱ የነገርኳት እኔ ነኝ። አያ ቢተው መንገድ ላይ ታመው ቀሩ፤ ከዚያ ሕመም አልተነሱም። ሁሉን ነገርኳት፤ የጣራውን ነገር ግን ልዘለው ብዬ ነበር፤ አልቻልኩም። እስክጨርስ ሰማችኝና፣ «እውነታቸውን ነው፤ አምሮ ነበር» አለች። ከዚያ ወጥታ ዋንዛዋ ሥር ተቀመጠች። አጠገቧ ሄጄ ተቀመጥሁ።

ውሃው እየወጣ ሲመጣ ሰው መልቀቅ ጀመረ። የመጨረሻው ቤት ዕቃውን ባወጣ ዕለት እንጨት ቆራጮች ደረሱ። ላይ ቀዬ ተለቃለችና ወንበር ይገባታል። ዛፉን ሁሉ ዞረው አዩ። ወይራው ጠማማ ነው፤ ባሕር ዛፍ የሚሉትን እኛ አናውቅም፤ ቀጥ ብላ ያደገች፣ ግንዷ ያልተበላሸ አንዲት ዋንዛ ብቻ አገኙ።

ይርገዱ ግንዷን አቀፈች። መጥረቢያ የያዘው ሰው ጎልማሳ ነበር፤ አልገፈተራትም። ቁጭ ብሎ ጠበቃት።

«የት ልትወስዷት ነው?» አለችው በመጨረሻ።

«ሸንጎ ነዋ እናቴ። ከዚህ በላይ ምን ክብር አለ? እዚህ ብትቀር ውሃ ውስጥ መበስበሷ አይደል?»

ይርገዱ ይህን ሰምታ እጇን ለቀቀች። ነጠላዋን አጠፈችና ከሥሯ ያለውን አፈር ዘግና ጫፉ ላይ ቋጠረች። ግንዱን በበሬ እየጎተቱ ሲሄዱ እሷም ኋላ ኋላ ተከተለች። እኔ የቤታችንን ጣራ እያፈረስኩ ነበር፤ ሣሩ ለአዲሱ ቤት ይሆናል ብዬ። ቀና ስል ኮረብታውን ስትወርድ አየኋት። «ይርገዱ!» ብዬ ተጣራሁ፤ አልዞረችም።

የቀረነው ከኮረብታው በስተጀርባ ካለው ከፍ ያለ ጭንጫ ላይ ሰፈርን። ስሙን ምን እንበለው ብንባባል አንድም ሰው ስም አላወጣለትም። እኔ አንድ ክፍል ቤት ከደንኩና ይርገዱን ልመልስ ወደ ከተማው ወረድኩ።

ሸንጎው ውስጥ አገኘኋት። ወንበር ጠባቂው ነው የነገረኝ። መጀመሪያ የመጣች ዕለት አዲሱን ወንበር ስታየው፣ «ጥቂት ልቀመጥበት?» ብላ ለመነችው። «የላይ ቀዬ ሰው ብቻ ነው የሚቀመጥበት እናቴ» አላት። «እኔ የላይ ቀዬ ሰው ነኝ» አለች። «የላይ ቀዬ ሰዎችማ አሁን ውሃ ሥር ናቸው» አላት። አልተከራከረችውም። ደጃፉ ላይ ውላ አደረች። በማግስቱ አሳዘነችውና አቧራ የሚጠርግ ሰው ስለሚያስፈልገው አስገባት። አሁን ወንበሮቹን ሁሉ ትወለውላለች። የሌሎቹን በጨርቅ፣ የላይ ቀዬን ግን በነጠላዋ ነው። የላይ ቀዬ ወንበረኛ የተባለው ወጣት በዚህ ኩራት ኩራት ብሎታል፤ «የእኔን ወንበር እዩ፤ ሕዝቤ ምን ያህል ቢወደኝ ነው!» ይላል አሉ።

እኔ ስገባ ሸንጎው ተበትኗል። ይርገዱ መሬት ላይ ተቀምጣ ራሷን ከወንበሩ እግር ላይ አስደግፋለች።

«ነይ ቤታችን እንሂድ» አልኳት።

«የትኛው?» አለችኝ።

አጠገቧ ተቀመጥሁ። እጄን ይዛ የወንበሩን ጀርባ አስዳሰሰችኝ። በደንብ ልገውታል፤ ልስልስ ያለ ነው። አንድ ቦታ ላይ ግን ያ የኖራ ምልክት ከሥር ሰርጎ ገብቶ ኖሮ፣ ነጭ ነገር ቀርቷል።

«አየሃት አጥናፉ?» አለችኝ። «ልጃችን ሸንጎ ገባች።»